አፍ ሙሉ ውሃ

ቀን ቀን መርካቶ፣ ምን አለሽ ተራ ውስጥ ምድጃ እሠራለሁ። ጎህ ሲቀድ ደግሞ፣ ከሱብሂ ሶላት በኋላ፣ ከሱቄ ጀርባ ባለችው መጋዘን ሰው እንዴት እንደሚማታ አስተምር ነበር። ለምድጃው ጋሼ ጁነዲን ይሉኛል፤ ለቡጢው ማስተር። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ በሁለቱም ስሞች ስኮራ ኖሬአለሁ። ከዘንድሮ ሚያዝያ ወዲህ ግን ማስተር ብሎ የሚጠራኝ ሰው ሲያጋጥመኝ ያልሰማሁ መስዬ አልፋለሁ።

ቁጡ ሰው ነኝ። ባለቤቴ ሰዓደት ምላስህ ከመዶሻህ ይከብዳል ትለኛለች። ይህን አስቀድሜ የምናገረው በኋላ እንዳልደብቀው ነው። የምጽፈው ግን ስለ እኔ አይደለም፤ ስለ ቶላ ነው።

ቶላ ተሸካሚ ነው። ከጊንጪ ወዲያ ካለ ገጠር በአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ መርካቶ ገባ፤ አሁን ሠላሳ ሦስት ሞልቶታል። በመጣበት ሳምንት ከደጀን ከመጣ ማዕረግ ከሚባል ልጅ ጋር አንድ ማደሪያ ተዳበለ። ቶላ ያን ጊዜ አማርኛው ገና ነበር፤ ማዕረግ ደግሞ ኦሮምኛ አንድ ቃል አያውቅም። ስለዚህ መጀመሪያ የተግባቡት በአምስት ቃል ነው፦ ደረጃ፣ ጉድጓድ፣ ቀኝ፣ ግራ፣ ቆምኩ።

እነዚህ ቃላት ምን እንደሆኑ ቆርቆሮ በሁለት ሰው ጭንቅላት ላይ ሲሄድ ላላየ ልንገረው። አንዱ ከፊት፣ አንዱ ከኋላ ይገባል። ጭንቅላታቸው ላይ ጨርቅ ጠምጥመው እሽጉን ያሳርፉበታል፤ በሁለት እጃቸው ግራና ቀኙን ይይዛሉ። የፊተኛው መንገዱን ያያል። የኋለኛውን ግን ጭነቱ ስለሚጋርደው ከፊተኛው ሰው ተረከዝ በቀር የሚያየው ነገር የለም። ስለዚህ የፊተኛው ይናገራል። ሊወጣ ሲል «ደረጃ» ይላል፤ መሬቱ ከጎደለ «ጉድጓድ» ይላል፤ ሊቆም ሲል ከመቆሙ አንድ እርምጃ ቀድሞ «ቆምኩ» ይላል። ለሕዝቡ ደግሞ «መንገድ! መንገድ!» እያለ ይጮኻል። ሳይናገር የሚንቀሳቀስ ሰው ከፊት አይገባም።

ቶላ ድምፁ ትልቅ ስለሆነ አሥራ አራት ዓመት ከፊት እሱ፣ ከኋላ ማዕረግ ሆነው ኖሩ። መርካቶም ሁለቱን በአንድ ትንፋሽ ነው የሚጠራቸው። አንዱን የፈለገ ሰው «ቶላና ማዕረግ!» ብሎ ነው የሚጮኸው። ጠዋት ጠዋት ከሱቄ ፊት ለፊት ቁጭ ብለው አንድ ዳቦ ሲካፈሉ አያቸው ነበር። ማዕረግ ጠርዙን ይወዳል፣ ቶላ መሃሉን። እንደዚህ የተመቻቸ ጥንድ በትዳር እንኳ አላየሁም።

ዘንድሮ መስከረም ላይ አንድ የሱቅ ጥበቃ ቶላን በጥፊ መታው። የቆርቆሮው ጫፍ የሱቁን መስታወት ጫረ ብሎ ነው። ቶላ ሁለት እጁ ወደ ላይ ተይዟል። ጭነቱን ለቅቆ ፊቱን ቢሸፍን እሽጉ ማዕረግ ላይ ይወርዳል። ስለዚህ ቆሞ ሁለተኛውንም ጥፊ ተቀበለ። ከዚያ «ማዕረግ፣ ቀኝ» ብሎ መንገዱን ቀጠለ።

በማግስቱ ጠዋት በአሥራ ሁለት ሰዓት መጋዘኔ በር ላይ ቆሞ አገኘሁት።

«ማስተር፣ አንድ ምት ብቻ ያስተምሩኝ» አለኝ።

«ማንን ልትመታበት?»

«ማንንም። ሁለት እጅ እንዳለኝ ልወቅ ብዬ ነው።»

ይህች መልስ ሆዴ ገባች። እኔ ጋ የሚመጡት አብዛኞቹ የነጋዴ ልጆች ናቸው። ዘለው መርገጥ ይወዳሉ፤ ስልካቸውን ግድግዳ ላይ አስደግፈው ራሳቸውን ይቀርጻሉ፤ ላብ ሲመጣ ቀጠሮ አለኝ ይላሉ። አንድ ምት ብቻ የጠየቀኝ ሰው ግን በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ አልነበረም። እኔም ከሁሉ የምወደውን መረጥኩለት። ቀጥታ ምት እንለዋለን።

ቀጥታ ምት ሲያዩት ምንም አይደለም። ቦክሰኛ ደካማ እጁን ፊት ያደርጋል፤ እኛ ጠንካራውን እናስቀድማለን። ቀኝ እጅና ቀኝ እግር ከፊት ይሆናሉ፣ የግራ ተረከዝ ከመሬት ትንሽ ብድግ ይላል። ጡጫው የሻይ ብርጭቆ እንደያዘ እጅ ቀጥ ይላል፣ አውራ ጣት ከላይ። ከዚያ እጁ ካለበት ይሄዳል፤ ለመምታት ወደ ኋላ አይሳብም፤ ክርን ወደ ጎን አይወጣም፤ ትከሻ አይነሳም፤ ትንፋሽ አይሳብም። ደግሞ እጅ ከእግር ይቀድማል። የፊት እግር መሬት ሳይነካ ጡጫው ደርሶ መሆን አለበት። ተመቺው መመታቱን የሚያውቀው ከተመታ በኋላ ነው። ለማስረዳት ግማሽ ሰዓት አይፈጅም፤ ለመቻል ግን ብዙ ሰው ዕድሜውን ሰጥቶ አይችለውም።

ቶላ ጉልበት ሞልቶታል። ችግሩ ሌላ ነው። ጭነት የለመደ ሰው እግሩ መሬቱን ሳይፈትሽ እጁ አይንቀሳቀስም። እሱን በሁለት ወር አስተካከልነው። የባሰው አፉ ነበር።

ከጣሪያው ላይ አንድ የቀለም ቆርቆሮ ክዳን በሲባጎ አንጠልጥዬ ነበር። የሲባጎውን ሌላ ጫፍ እኔ እይዛለሁ። ተማሪው ሳላየው ከመታ ክዳኑ ይጮኻል፤ ሊመታ መሆኑን ካወቅኩበት እስበዋለሁና አየር ይመታል። ቶላን ሁልጊዜ አውቅበት ነበር። ሊመታ ሲል ከንፈሩ ይላቀቃል። ድምፅ እንኳ ባይወጣው አፉ «መንገድ» ሊል ሲነሳ ይታየኛል።

«ሌባ ቤት ሊገባ ሲል አንኳኩቶ ነው እንዴ?» አልኩት አንድ ቀን በቁጣ።

ሳቀ። «ማስተር፣ እኔ ሳልናገር ከተንቀሳቀስኩ ሰው ይሞትብኛል» አለኝ።

ቀልድ መስሎኝ እኔም ሳቅኩ።

በማግስቱ አንድ ብርጭቆ ውሃ ቀዳሁና በአፉ እንዲይዝ አዘዝኩት። ትምህርቱ እስኪያልቅ አይውጥም፣ አይተፋም፤ ሲያልቅ እኔ ባስቀመጥኩት ጣሳ ውስጥ ይመልሰዋል። የመጀመሪያው ሳምንት ሸሚዙ እየራሰ፣ ትን እያለው፣ የነጋዴዎቹ ልጆች እየሳቁበት አለፈ። እሱ ግን ቀርቶ አያውቅም። ኅዳር አለፈ፣ ታኅሣሥ አለፈ። በአፉ ውሃ ይዞ፣ ዓይኑን ክዳኑ ላይ ተክሎ፣ በየቀኑ መቶ ጊዜ፣ ሁለት መቶ ጊዜ ይመታ ነበር።

ጥር ላይ አንድ ጠዋት ክዳኑ ጓ አለ። እጄ ላይ ያለው ሲባጎ እንደ ላላ ነው። ምንም አላየሁም፤ ከንፈሩን አላየሁም፣ ትከሻውን አላየሁም። ቶላ ጉንጩ በውሃ ተነፍቶ ቆሞ ያየኛል። ደግሜ አስመታሁት፤ ደግሞ ጮኸ። አቅፌው ውሃው ሁሉ ደረቴ ላይ ፈሰሰ።

የዚያን ቀን ምሳ ላይ ለሰዓደት ነገርኳት። ሃያ ሁለት ዓመት ስጠብቀው የኖርኩት ምት መጣ አልኳት። ሰማችኝና «ደስ ያለህ ለእሱ ነው ለራስህ?» አለችኝ። ተናድጄ ምሳዬን ትቼ ወጣሁ። አሁን ሳስበው የተናደድኩት መልሱን ስለማውቀው ነው።

ለቶላም እንዲህ አልኩት፦ «በቀን አንድ ሰዓት አይበቃህም። ሥራ ላይም አፍህን ያዝ። ሰውነትህ ከመንቀሳቀሱ በፊት ማውራት ይርሳ።» እኔ ነኝ ያልኩት። በእነዚህ ቃላት ነው ያልኩት።

የካቲት አጋማሽ ላይ ማዕረግ ብቻውን ወደ ሱቄ መጣ። እሱን ያለ ቶላ ሳየው ያ የመጀመሪያዬ ነበር። የተገለበጠ በርሜል ላይ ተቀመጠና የጭንቅላቱን ጨርቅ ፈትቶ በጉልበቱ ላይ ያሻሸው ጀመር።

«ጋሼ ጁነዲን፣ አንድ ነገር ልለምንዎት ነው የመጣሁት።»

«ምን ሆንክ?»

«ቶላ ዝም አለብኝ።»

«ተጣላችሁ?»

«ኧረ የለም። ቤት ስንገባ ሲያወራ ነው የሚያመሸው። ጭነት ሥር ነው ዝም የሚለኝ። ደረጃውን ከወጣ በኋላ ነው ደረጃ የሚለኝ። አንዳንዴ ጭራሽ አይለኝም። የሚገርምዎት፣ ስጠይቀው ‘ነገርኩህ እኮ’ ይለኛል። የተናገረ ይመስለዋል።»

ላሜራ እየቀጠቀጥኩ ነበር፤ መዶሻዬን አላስቀመጥኩም። «አንተ ዓይን የለህም?» አልኩት።

«ከኋላ ነኝ እኮ ጋሼ።»

«ተረከዙን እያየህ ተከተላ! ሰውየው በዕድሜው አንድ ነገር ለራሱ ቢያገኝ አንተ ልታስቆመው ነው?»

ማዕረግ አፈረ። ዓይኑን መሬት ላይ ጣለ። «እኔማ ደስ ይለኛል» አለ። «ያንን ክዳን እንዴት እንደሚመታው አሳይቶኛል፤ ቤት ውስጥ ባርኔጣዬን ሰቅሎ። ሲመታው ፊቱ ያምራል። ብቻ…»

ጨርቁን ጠምጥሞ ተነሣና ሄደ። ያችን «ብቻ» ከዚያ ወዲህ ስንት ጊዜ እንደሰማኋት አላህ ነው የሚያውቀው።

ሚያዝያ ላይ ትልልቅ ምድጃ ታዝዤ ሰባተኛ ከሚባለው ሰፈር አዲስ ላሜራ አስመጣሁ። ያመጡልኝ ቶላና ማዕረግ ናቸው። ማክሰኞ ነው፤ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ገደማ። መንገዱ ተቆፋፍሮ ስለነበር መኪና ከቅያሱ አልፎ ወደ እኛ ተራ አይገባም፤ ጭነት ሁሉ በሰው ነው የሚመጣው። ሱቄ በር ላይ ቆሜ ከሩቅ አየኋቸው። ቶላ ከፊት ሆኖ በሰዉ መሃል ሲመጣ «መንገድ» አይልም ነበር። ሰዉ ራሱ እያየው ይሸሻል። እርምጃው ለስላሳ ነው፤ ጉልበቱ እንዳስተማርኩት በትንሹ እጥፍ ብሏል። እንዴት ያለ ተማሪ ነው አልኩ በልቤ።

ሃያ እርምጃ ሲቀራቸው አንድ አይሱዙ ከጎን ካለው ቅያስ በኋላው ብቅ አለ። ቶላ ቆመ። ግማሽ እርምጃ ወደ ቀኝ ብሎ ቀጥ አለ። ሰውነቱ ምንም አልተናገረም፤ ትከሻው አልተነሳም፣ ከንፈሩ አልተላቀቀም፣ ትንፋሽ አልሳበም። በሕይወቴ ያየሁት ከሁሉ የጠራው እንቅስቃሴ ነበር። እዚህ ላይ መዋሸት እችል ነበር፤ አልዋሽም። ማሻአላህ አልኩ። በአፌ፣ ድምፅ አውጥቼ፣ ማሻአላህ አልኩ።

ማዕረግ አልቆመም። እንዴት ይቁም? ማን ነገረው? አንድ እርምጃ ሄደ፣ ሁለት ሄደ። ላሜራው ከቶላ ጭንቅላት ላይ ተንሸራተተ። የፊቱ ወደ ጎን ሲያጋድል የኋላው ከማዕረግ እጅ አመለጠ። ማዕረግ ሊሸሽ ዞረ። ላሜራዎቹ አንዱ በአንዱ ላይ እየተንሸራተቱ ሲወርዱ የአንዱ ስለት ከተረከዙ በላይ ያለውን ጅማት አገኘው።

ሁሉም ካበቃ በኋላ፣ ማዕረግ መሬት ላይ ተቀምጦ እግሩን እያየ ሳለ፣ ቶላ አፉን ከፈተና «ቆምኩ» አለ።

ቀስ ብሎ ነው ያለው። ጀርባውን እንደሰጠን፣ እጆቹ ባዶውን አየር ወደ ላይ እንደያዙ ነው ያለው።

ሐኪም ቤት ጅማቱን ሰፉለት። ሐኪሙ «በክራንች ይሄዳል፣ ጭነት ግን ከእንግዲህ የለም» አለን። ማዕረግ ለጠየቀው ሁሉ «አዳልጦኝ ነው» ይላል። ለነርሷ አዳልጦኝ ነው አለ፣ ለአከራያቸው አዳልጦኝ ነው አለ፣ ለቶላም ዓይን ዓይኑን እያየ አዳልጦኝ ነው አለው። ቶላ አልጋው ሥር ወለሉ ላይ ቁጭ ብሎ የሰውየውን ጤነኛ እግር ይዞ ይውላል።

በሦስተኛው ቀን ቶላ ሻይ ሊያመጣ ወጣ ሲል ማዕረግ ወደ እኔ ዞረ።

«ጋሼ፣ ነግሬዎት ነበር» አለኝ።

አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። እግሩ ሥር ተንበርክኬ ይቅር በለኝ አልኩት። አንገቱን ነቀነቀና «ለእሱ እንዳይነግሩት» አለኝ። «እርስዎ ጋ መጥቼ እንደነበር አይወቅ። አሁን የሚጠላው ራሱን ነው። እርስዎንም ከጠላ ምን ይቀረዋል?»

ቃል ገባሁ። ይህን ስጽፍ ያንን ቃሌን እያፈረስኩ ነው። ግን ቶላ ጥፋቱ የእሱ ብቻ እየመሰለው አርጅቶ ሲሞት ዝም ብዬ ማየት አልቻልኩም።

ቶላ ከዚያ ወዲያ መጋዘኔን አልረገጠም። እኔም ከሳምንት በኋላ ዘጋሁት። የነጋዴዎቹ ልጆች ሌላ ቦታ አላጡም።

ሰኔ ሲገባ ማዕረግ ደጀን እህቱ ዘንድ ሊሄድ ወሰነ። መርካቶ መሸከም የማይችል ተሸካሚ ምን ይሠራል? የሚሄድበት ቀን ጠዋት ማደሪያቸው ሄድኩ። ታክሲ የተቆፈረውን መንገድ አልፎ አይገባም፤ ክራንቹም በዚያ ጭቃ አያስኬድም። ቶላ ጎንበስ አለና ጀርባውን ሰጠው። ማዕረግ «ተው ሰዉ ይስቅብናል» አለ፤ ግን ወጣ። እኔ የተጠቀለለ ፍራሹን ጭንቅላቴ ላይ አደረግኩ። ለሃምሳ አራት ዓመት ሰው ቀላል ጭነት አይደለም። ፍራሹ ግንባሬ ላይ ወርዶ ዓይኔን ጋረደኝ። ከቶላ ተረከዝ በቀር የሚታየኝ አልነበረም።

ወደ አውቶቡስ ተራ ሄድን።

«መንገድ! መንገድ!» አለ ቶላ። ያ የድሮ ድምፁ ነው። ከጥር ወዲህ አልሰማሁትም ነበር።

«ደረጃ» አለ። እግሬን አነሳሁ፤ ደረጃ ነበር።

«ጉድጓድ። ቀኝ። ደግሞ ጉድጓድ።»

«አያለሁ እኮ ቶላ» አለ ማዕረግ ከላይ ሆኖ። «አሁን ከአንተ በላይ ሆኜ ነው የማየው።»

ቶላ የሰማው አይመስልም። «ግራ» አለ። «ደረጃ» አለ። አንድ እርምጃ ቀድሞ «ቆምኩ» ብሎ ቆመና ጋሪ አሳለፈ። ማዕረግ ከዚያ በኋላ መከራከሩን ተወ። ለእያንዳንዱ ቃል «እሺ» ይል ጀመር። «ደረጃ» «እሺ»። «ጉድጓድ» «እሺ»። አውቶቡስ ተራ እስክንደርስ ድረስ እንዲህ እያሉ ሄዱ። እኔም ከኋላ፣ ምንም ሳላይ፣ አንድም ጊዜ ሳልደናቀፍ በዚያ ድምፅ ተመርቼ ሄድኩ። ከማዕረግ ጆሮ ላይ የወሰድኩት ምን እንደነበር ያን ጊዜ ገባኝ። ፍራሹ ሥር አለቀስኩ። ማንም አላየኝም።

አውቶቡሱ ሊንቀሳቀስ ሲል ቶላ ሮጦ ሄዶ ዳቦ ገዛ። ጠርዙን ዙሪያውን ቆርሶ በመስኮት ሰጠው። ማዕረግ ተቀብሎ በሁለት እጁ ያዘው፤ አልበላም። አንድ ነገር ሊል አፉን ከፈተ፤ የሞተሩ ጩኸት ዋጠበት። አውቶቡሱ ወጣ።

ሁለታችን ተመለስን። ቶላ የዳቦውን መሃል በእጁ እንደያዘ ከፊት ከፊት ይሄዳል፤ እኔ ከኋላ። ጭነት የለንም። ፍራሹም ሄዷል። ሰዉ ይገፋናል፣ ሻጩ ይጠራል፣ ቶላ ወደ ማንም አያይም። ይቅር በለኝ ልለው ስንት ጊዜ አፌን ከፍቼ ዘጋሁት።

የእኛ ተራ መግቢያ ላይ መንገዱ ከፍ ይላል። ቶላ እዚያ ሊደርስ አንድ እርምጃ ሲቀረው፣ ወደ ኋላ ሳይዞር፣ «ደረጃ» አለ።

ለማን እንዳለው አላውቅም። ከኋላው ያለሁት እኔ ነበርኩ። እግሬን አነሳሁ።